የውጭ ሠራተኛ ሲወጣ ደመወዝ ይጨምራል?

ስለ ፍልሰት በተነሳ ቁጥር የሚደመጠው ስሌት አንድ ነው፤ ያለው ሥራ የተወሰነ ነው፣ መጤው ሲበዛ ለአገሬው የሚደርሰው ያንሳል፣ ደመወዝም ይወርዳል። ስሌቱ ልክ ከሆነ መጤው ሲወጣ ደመወዝ መጨመር ይኖርበታል። አሜሪካ ይህን በተግባር ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1942 ከሜክሲኮ ጋር ተዋውላ «ብራሴሮ» በተባለው መርሐ ግብር የእርሻ ሠራተኞችን በውል ማስገባት ጀመረች፤ በ22 ዓመታት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ውሎች ተፈረሙ። ኋላ ግን የአሜሪካውያንን የእርሻ ደመወዝ ይጎዳል የሚለው ክርክር አይሎ በ1964 መጨረሻ መርሐ ግብሩ ተዘጋ።

ተመራማሪዎቹ ማይክል ክሌመንስ፣ ኢታን ሉዊስና ሐና ፖስቴል በ2018 ባሳተሙት ጥናት ብዙ ብራሴሮ (በመርሐ ግብሩ የገባ ሠራተኛ) የነበራቸውን የአሜሪካ ግዛቶች ጭራሽ ካልነበራቸው ጋር አነጻጸሩ። መርሐ ግብሩ ከተዘጋ በኋላ የእርሻ ደመወዝ ብዙ ብራሴሮ በነበራቸው ግዛቶች ጭራሽ ካልነበራቸው በፈጠነ አላደገም። ምክንያቱን የካሊፎርኒያ ቲማቲም ያሳያል። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመልቀሚያ ማሽንና ማሽኑ የማይጨፈልቀው ጠንካራ የቲማቲም ዝርያ አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። ማሽኑ ተክሉን ከሥሩ ቆርጦ ያነሳል፣ አራግፎ ፍሬውን ይለያል፤ ለሰው የሚቀረው ጎን ለጎን ቆሞ የተበላሸውን መልቀም ነው። ርካሽ ጉልበት እስካለ ድረስ ገበሬው ለማሽኑ አልቸኮለም ነበር። ሠራተኛው ሲቀር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለፋብሪካ የሚውለው ቲማቲም ሁሉ ማለት ይቻላል በማሽን ይለቀም ጀመር። ማሽን ያልተገኘላቸውን እንደ አስፓራገስና እንጆሪ ያሉ ሰብሎች ምርት ደግሞ ቀነሱት። አሠሪው ደመወዝ ከመጨመር ሌላ መውጫ ነበረው፤ የተለመደው ስሌት የሚዘነጋው ይህንን ነው።

በብራሴሮዎቹ ቦታ ያለ ፈቃድ የገቡ ሠራተኞች ስለተተኩ ነው ደመወዝ ያልጨመረው የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። የገቡ መኖራቸው እውነት ነው። ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ሞልተውት ቢሆን ኖሮ ግን ገበሬው ገንዘቡን አውጥቶ ማሽን ለመግዛት፣ ሰብሉንም ለመቀነስ ባልተጣደፈ። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መጤው በአነስተኛ ክፍያ ለመሥራት ስለሚገደድ የአገሬውን የመደራደር አቅም ያዳክማል ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ሆኖም የግዴታው ምንጭ ሕጉ ነው። የብራሴሮው ውል ከአንድ አሠሪ ጋር ስላሰረው ክፍያ ቢያንስበት ጥሎ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዙ አሥር በመቶ ለቁጠባ ተብሎ ይቆረጥበት ነበር፤ ብዙዎቹ ያን ገንዘብ አላገኙትም። አሜሪካዊው የእርሻ ሠራተኛም ቢሆን እስከ 1966 ድረስ በፌዴራል ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አይሸፈንም ነበር፤ ያኔም የተካተተው በከፊል ብቻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገራት በከፋላ ሥርዓት ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰሩ እህቶቻችንም ያሉበት ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም። ለአገሬው ሠራተኛ የሚቆረቆር መንግሥት በቅድሚያ መጤው አሠሪ እንዲቀይር ይፍቀድ፣ ለሁሉም የሚሠራ የደመወዝ ወለል ያውጣ፣ ተቆጣጣሪም ወደ እርሻው ይላክ።