ነክሶ የቀረ ፍሬን

ፍሬን እንቢ ያለው መኪና የሚያደርሰውን አደጋ የማያውቅ የለም። ፍሬን ይዞ አልለቅም ሲል የሚያመጣውን ጣጣ ግን ብዙ ሰው የሚረዳው ከደረሰበት በኋላ ነው። እኛም የተረዳነው እንዲሁ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ደሴ ስንጓዝ፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ፣ የተሳፈርንበት ላንድሮቨር ጉልበት እያነሰው ሄደ። መኪናው የአንድ ወዳጃችን ነው። ለገጠር መንገድ እንዲመች ሲል ባሌስትራውን ከፍ አስደርጎ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞ፣ የፊቱን የታምቡር ፍሬን በዲስክ አስለውጦ፣ የፍሬኑንም ፓምፕ ከነአጋዡ ከሌላ መኪና አስመጥቶ አስገጥሞታል። ሥራው የተጠናቀቀው በመንገዳችን ዋዜማ በጥድፊያ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ጣጣው መንገድ ላይ ጠበቀን።

ወዳጃችን ሞተሩ የደከመ መስሎት ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ ረገጠ። ወዲያው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተን። ወርደን እጃችንን ወደ ቸርኬዎቹ ብናስጠጋ አራቱም እንደ ምጣድ ግለዋል። ፔዳሉም እንደ ድንጋይ ደርቋል። ግማሽ ሰዓት አርፈን ስንነሣ መኪናው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተንከባለለ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ ግን እንደገና ነከሰ።

ከፊታችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት ይጠብቀናል። ከመካከላችን አንዱ፣ «ዘይቱን ጥቂት አፍስሰን እናላላውና እንሂድ» ሲል፣ አብረውን የተሳፈሩት አንድ አዛውንት መካኒክ፣ «ልጆቼ፣ ቁልቁለት ላይ ከሚከዳ ፍሬን ዳገት ላይ የሚነክስ ይሻላል። በሽታውን ሳናውቅ አንነሣም» አሉ።

የነገሩ መሠረት ይህ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱ ወደ ማዕዘኑ ሁሉ እኩል ይደርሳል። በ1921 እ.ኤ.አ. ዱዘንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና በአራቱም ጎማ የዘይት ፍሬን ይዞ ለገበያ የቀረበው በዚሁ ሕግ ነው። ነገር ግን የተላከው ግፊት መመለሻ ያስፈልገዋል። በፓምፑ ውስጥ ወደ ዘይቱ ማጠራቀሚያ የምታደርስ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀዳዳይቱን ይከፍታል፤ ግፊቱም ይተነፍሳል። ፒስተኑ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ፊት ተገፍቶ ከቀረ ግን ቀዳዳይቱ እንደ ተደፈነች ትኖራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ያብጣል፤ መውጫ ስለሚያጣም ሸራውን ያጣብቃል፤ ሸራው ሲጣበቅ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ሲቀዘቅዝ የለቀቀው፣ ሲሞቅ የነከሰው ስለዚህ ነው።

አዛውንቱ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው፣ አንዱን በክሪክ አስነሥተው፣ «አንድ ጎማ ብቻ ቢግል ኖሮ ምርመራውን ከዚያው ጎማ እጀምር ነበር፤ አራቱም ስለ ጋሉ ግን ጥፋቱ ሁሉም የሚጋሩት ዘንድ ነው» አሉን። የምርመራቸውም ተራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፓምፑን ከአጋዡ ጋር ያሰሩትን ዳዶዎች ጥቂት ማላላት፤ ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ መርዘም ነው። ካልለቀቀ ከፓምፑ የሚወጣውን ቱቦ ማላላት፤ ያን ጊዜ ከለቀቀ ፓምፑ ራሱ ታሟል። አሁንም ካልለቀቀ በጎማው ዘንድ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን መክፈት፤ በዚህ ከለቀቀ የጎማው ቱቦ ከውስጥ ተደፍኗል። በዚህም እንቢ ካለ በጎማው ዘንድ የዛገ ወይም የተቀረቀረ ነገር አለ ማለት ነው።

የእኛ መኪና በመጀመሪያው ፈተና ለቀቀች። ፓምፑ ሲለወጥ የዘንጉን ርዝመት የለካ አልነበረም። አዛውንቱ በጫፉ ያለውን ማስተካከያ አዙረው፣ በዘንጉና በፒስተኑ መካከል ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት አበጁ። ፔዳሉን ደጋግመው አስረግጠው እያንዳንዱን ጎማ በእጃቸው አዞሩ። በአነስተኛ ማርሽ እየወረድን ደብረ ሲና ስንደርስ ቸርኬዎቹን እንደገና ፈተሽን፤ ደኅና ነበሩ።

ለሥራ ወደ ገጠር የምትወጡ ወጣቶች ሆይ፣ በጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃልና። ከእንዲህ ያለ ግለትም በኋላ ሸራውን አስመርምሩ፤ ዘይቱንም አስለውጡ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ፣ የመኪናችሁን አንድ አካል ስታስለውጡ ከጎኑ ካለው ጋር መስማማቱን ሳታስለኩ ጉዞ አትጀምሩ።