ባሕር አቋርጦ የመጣ ሱቅ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ከቆሙት የኮንቴይነር ሱቆች አንዱን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ከቀለሙ ሥር ሌላ ጽሑፍ ያገኛል። ባለሱቁ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶት፣ የሞባይል ካርድ ማስታወቂያም ለጥፎበት ይሆናል። ሸንተረራማው ብረት ላይ ግን አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኃዞች ፈዘዝ ብለው ይታያሉ። ፊደላቱ ሣጥኑ የማን እንደነበረ ይናገራሉ። ከአኃዞቹ ስድስቱ መለያው ናቸው፤ ሰባተኛው በስሌት የሚገኝ መቆጣጠሪያ ነው፤ ጸሐፊው አንዷን ቁጥር ቢያዛንፍ ስሕተቱ የሚያዘው በእሱ ነው። ዛሬ ሳሙናና ብስኩት የሚሸጥበት ሣጥን ትናንት በየወደቡ በዚህ ቁጥር ሲጠራ፣ ሲቆጠርና ሲፈረምበት ኖሯል።

ወደብ ባላት አገር ኮንቴይነር የሚታወቀው መርከብ ላይ ተደርድሮ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ባሕር ሳያይ ኮንቴይነር አውቋል፤ ጸጉሩን ተስተካክሎበት፣ ጎማ አስለጥፎበት፣ ቡና ጠጥቶበት፣ ካልሆነም ዘበኛ ከነሲሚንቶው ሲያድርበት አይቶ። ቅርጹ ከመለመዱ የተነሣ ባሕር የማያውቅ ዘመድም አፍርቷል፤ ከንቲባ በነበሩት በአርከበ ዕቁባይ ስም «የአርከበ ሱቅ» የተባሉት ትንንሽ የብረት ሱቆች የዚሁ ሣጥን የአጎት ልጆች ናቸው።

ሣጥኑን ለዚህ ያበቃው ሰው መርከበኛ አልነበረም። ማልኮም ማክሊን የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ፣ የጭነት መኪኖች ባለቤት ነበር። በእሱ ዘመን ወደብ ማለት ሸክም ማለት ነው፤ ጆንያው፣ በርሜሉና ካርቶኑ አንድ በአንድ ከመኪና ይወርዳል፣ በወዛደር ጉልበት መርከብ ይገባል፣ በወዲያኛው ወደብ ደግሞ ያው ይደገማል። ማክሊን ዕቃውን ትቶ ሣጥኑን ማንሣት ይሻላል አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 «አይዲል ኤክስ» የተባለች፣ ከነዳጅ ጫኝነት የተለወጠች መርከብ 58 ሣጥኖች ይዛ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ተነሣች። በዚያ ዓመት አንድ ቶን ዕቃ በእጅ መጫን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ይፈጅ ነበር። በ«አይዲል ኤክስ» ላይ ግን ወጪው 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም።

ዝናው የማክሊን ይሁን እንጂ ሣጥኑን ቤትም ሱቅም ለመሆን ያበቃው ኪት ታንትሊንገር የተባለው መሐንዲሱ ነው ማለት ይቻላል። በስምንቱም ማዕዘን ቀዳዳ ያላቸው ወፍራም የብረት ጉጦች ይታያሉ። ክሬኑ የሚያነሣው በእነሱ ነው፤ አንዱ ሣጥን ከሌላው ጋር የሚቆለፈውም በቀዳዳቸው ገብቶ በሚዞር ቁልፍ ነው። የሚሸከሙት ደግሞ አራቱ የማዕዘን ቋሚዎች ናቸው። በብዙ ሣጥኖች በር ላይ በተመታችው የደኅንነት ሰሌዳ፣ ከላይ ሊደረደር የሚችለው ክብደት 192,000 ኪሎ ግራም ተብሎ ይነበባል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በማዕዘኖቹ ላይ ነው። ግድግዳው ከሁለት ሚሊሜትር ብዙም የማይዘል ላሜራ ነው፤ የሸንተረሩ ጥቅምም ላሜራውን ማጠንከር ነው። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው ኮንቴይነር ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ግማሹን አወቀ።

ነጋዴው «ባለ ሃያ ፊት» (ባለ 20 ጫማ) የሚለው ሣጥን ውጩ 6.06 ሜትር ርዝመት፣ 2.44 ሜትር ስፋት፣ 2.59 ሜትር ቁመት አለው። «ባለ አርባ ፊቱ» ርዝመቱ እጥፍ፣ 12.19 ሜትር ነው። ብረቱ ውስጥ መዳብና ክሮም የመሳሰሉ ማዕድናት ስላሉበት ላዩ የያዘው ዝገት ራሱ መከላከያ ይሆነዋል፤ ባሕር ላይ ከ10 እስከ 15 ዓመት አገልግሎ በጡረታ የሚወርደው ሣጥን የብስ ላይ ብዙ ዕድሜ የሚቀረው ስለዚህ ነው። ሣጥኑን ወደ መኖሪያ ቤት መለወጫ ዘዴ ብሎ ፊሊፕ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1987 ለፓተንት አመልክቶ በ1989 ተሰጥቶታል። የሰው ልጅ ግን ወረቀቱን ቆሞ አልጠበቀም።

ሣጥኑ በጣም የሚያምርበት ሰው ሲቸኩል ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጥ የኒውዚላንዷን ክራይስትቸርች መሐል ከተማ አፈረሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ፣ ሕንፃዎቹ ገና ሳይነሡ፣ «ሪስታርት» የተባለ የኮንቴይነር ገበያ ተከፈተ። ካፌውም ባንኩም ልብስ መደብሩም በደማቅ ቀለም በተቀቡ ሣጥኖች ገብቶ ሥራ ጀመረ፤ ገበያው ጊዜያዊ ቢባልም ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። ለብልሃት ከሆነ ግን የሚበልጠው በዚያው ከተማ ከገበያው ውጭ የተደረገው ነው። ሊወድቁ የደረሱ የጥንት ሕንፃ ፊቶች በተደረደሩ ኮንቴይነሮች ተደገፉ። ሰምነር በተባለው የባሕር ዳር ሠፈር ደግሞ ከገደሉ የሚናደው ድንጋይ መኪና እንዳይመታ በመንገዱ ጠርዝ የኮንቴይነር ግንብ ተሠራ። እዚህ ሣጥኑ አልተቆረጠም፣ መስኮትም አልወጣለትም። ከባድ ነው፣ ይደረደራል፣ ሲያበቃ ይነሣል፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር።

በጃፓን፣ በሚያጊ ግዛት፣ ኦናጋዋ የተባለችውን የዓሣ አጥማጆች ከተማ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ሱናሚ ጠረጋት። ከተማዋ በተራራና በባሕር መሐል ስለሆነች ለመጠለያ የሚሆን ሜዳ አልተገኘም፤ የተገኘው የቤዝቦል ሜዳ ነው። ሌሎች ባለ አንድ ፎቅ ጊዜያዊ ቤቶችን ሲደረድሩ፣ አርክቴክቱ ሺገሩ ባን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮችን እስከ ሦስት ፎቅ አነባበራቸው፤ 190 ገደማ ለሚሆኑ ቤተሰቦችም መጠለያ ሆኑ። ጥበቡ ግን ከፎቁ ይልቅ በክፍተቱ ላይ ነው። ሣጥኖቹ እንደ ዳማ ገበታ አንዱ ተዘልሎ አንዱ ተቀመጠ። በሣጥኖቹ ውስጥ መታጠቢያውና የልጆች ክፍል ገቡ፤ በመካከል ክፍት የተተወው ቦታ በመስታወት ተዘግቶ ሳሎን ሆነ። በኮንቴይነር ጥበት የሚማረር ሁሉ ይህን ሥራ ቢያይ መልካም ነው፤ ሰፊው ክፍል የተገኘው ኮንቴይነር ከሌለበት ቦታ ነው።

ሳይቸኩሉም የሠሩበት አሉ። ለንደን በቴምዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ2001 «ኮንቴይነር ሲቲ» የተባሉት የአርቲስቶች ስቱዲዮዎች ሲቆሙ ሣጥኖቹን ቦታ ማስያዝ የፈጀው አራት ቀን ነው። አምስተርዳም ውስጥ «ኬትዎነን» የተባለው መንደር ሺህ ያህል ተማሪዎችን፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መታጠቢያና በረንዳ ሰጥቶ አኑሯል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቮዳኮም በየጥቁሮቹ መኖሪያ ሠፈር ኮንቴይነር እያቆመ የሕዝብ ስልክ ቤት አድርጎታል። ጆሃንስበርግ ውስጥ ደግሞ ሥራ የፈቱ የእህል ማከማቻ ማማዎች የተማሪ ማደሪያ ሆነው፣ በአናታቸው ላይ ቀለም የተቀቡ ኮንቴይነሮች ተጭነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ሚል ጃንክሽን ከሩቅ ሲታይ ሕፃን ልጅ ብሎኬት ደርድሮ የሄደ ይመስላል። ጉግል በበኩሉ እያንዳንዱ ኮንቴይነር 1,160 ሰርቨሮች የያዘበት የመረጃ ማዕከል እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ አድርጓል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ጣልያን ቱሪን ላይ ሁለት የጽኑ ሕሙማን አልጋ በአንድ ኮንቴይነር ተገጥሞ በጊዜያዊ ሆስፒታል ተተክሏል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ዶሃ ላይ ያለው ነው። ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ የተሠራው ስታዲየም 974 ስሙን ያገኘው ከተሠራባቸው ኮንቴይነሮች ብዛት ነው። ቁጥሩ ደግሞ የኳታር የስልክ መለያ ነው፤ ዘመድ ኳታር ውስጥ ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሲደውል የሚነካው። ከ44,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው ሜዳ ከዋንጫው በኋላ ተፈትቶ እንዲነሣ ታስቦ ነበር የተነደፈው፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻም በቦታው ቆሞ ጨዋታ አስተናግዷል። አንድ ነገር ልብ ይሏል። እንደሌሎቹ የዋንጫው ስታዲየሞች ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ የባሕር ነፋስ ይበቃዋል ተብሎ ነው። የተሰጡት ሰባት ጨዋታዎችም በሙሉ ከመሸ የተደረጉ ናቸው።

ኳስ ያለምክንያት ወደ ማታ አልተገፋም። ፀሐይ ላይ የቆመ ባዶ ብረት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። የተባበሩት መንግሥታት የኤርትራ አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ሰዎች በኮንቴይነር ውስጥ እንደሚታሰሩ መዝግቧል፤ ሣጥኑን ወደ ማሠቃያነት ለመለወጥ ሙቀቱ ብቻ በቂ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጣጣው ሁለት ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በሌሊት የቀዘቀዘው ጣሪያ በውስጥ ያለው ሰው የተነፈሰውን እርጥበት ወደ ውሃ ይለውጠውና መልሶ ያንጠባጥብበታል። በክረምት ጣሪያው ያፈሳል ተብሎ ከሚከሰሰው ጥቂት የማይባለው ጥፋት የዚህ ላብ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ዋናው ከጣሪያው በላይ ሁለተኛ የቆርቆሮ ጣሪያ መሥራትና በመካከላቸው ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መተው ነው። ኬፕታውን አጠገብ የቪሰርስሆክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 12 ሜትር ርዝመት ያለውን ኮንቴይነር ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ሲያደርግ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሰፊው ጥላ ጣሪያ በአንድ ወጪ ለልጆቹ መጫወቻ በረንዳም ወጥቶለታል። ነጭ ቀለምና ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ይረዳሉ። ግድግዳውን በውስጥ በፎምና በኮምፔርሳቶ መልበስም ያዋጣል፤ ነገር ግን የውስጡ ስፋት ሲጀመር 2.35 ሜትር ብቻ ነውና ከግራና ከቀኝ የተበላችው እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር አልጋ ሲገባ ትታወቃለች። ዕቃ ማቀዝቀዣ የነበረውን ኮንቴይነር ያገኘ ዕድለኛ ነው፤ ግድግዳው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የለበሰ ነው።

በያዡ ላይ መዘዝ የሚያመጡ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው መቁረጥ ነው። ትንሽ መስኮት አይጎዳውም፤ ጎኑን በሙሉ ቆርጦ ሁለት ኮንቴይነር የሚያገናኝ ግን ሣጥኑን አጠንክሮ የያዘለትን ብረት እንደጣለ አውቆ በቋሚና በአግዳሚ ብረት ሊተካው ይገባል። የብየዳው ሒሳብ ሲደመር ብሎኬት ይሻል ነበር የሚያሰኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛው መቅበር ነው። 192 ቶን የተሸከመ ሣጥን አፈር ያቅተዋል ወይ ብሎ ምድር ቤት ሊያደርገው የሚያስብ አለ። ያቅተዋል። አፈር የሚገፋው በጎን ነው፤ ጎኑ ደግሞ ያው ቀጭን ላሜራ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሣጥኑ ገበያ ከጉዞው ጋር የተያያዘ ነው። ከውጭ የሚገባው ዕቃ እጅግ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ብዙው ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበዛ፣ ቡናና ሰሊጥ ካልሞላው በስተቀር ሣጥኑ ባዶውን ይመለሳል። የመርከብ ድርጅት ንብረት ስለሆነም በጊዜው ካልተመለሰ ክፍያ ይቆጥራል። ስለዚህ መንገድ ዳር «የሚሸጥ ኮንቴይነር» ያየ ሰው ከብረቱ በፊት ወረቀቱን ይጠይቅ።

ከዚያ ወደ በሩ። የደኅንነት ሰሌዳው ላይ የተሠራበት ዘመን ተጽፏል። የወለሉ ጣውላ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ልጅ የሚተኛበት ወይም እህል የሚቀመጥበት ከሆነ ሌላ ወለል ይልበስበት። የማዕዘን ቋሚዎቹ የተጣመሙበትን አይግዛ፤ ግድግዳው ቢጎደጎድ ግን አይጨነቅ። በመጨረሻም በቀትር ፀሐይ ውስጥ ገብቶ በሩን ያዘጋና ቀና ብሎ ይይ፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ በሐምሌ ውሃ ያስገባል። ይህን ሲያደርግ ብቻውን አይሂድ። የኮንቴይነር በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው።