ለገጠር መንገድ ኤስዩቪ ወይስ የቤት መኪና?



ባለፈው ክረምት ጀመዓችን ቃሉ ወረዳ ውስጥ ወዳለች አንዲት የገጠር መድረሳ ለክረምት ትምህርት ሲሄድ፣ የተዋስነው መኪና ተበላሽቶ እንደቀረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መኪናው ትንሽ ቪትዝ ነበር። ባለቤቱ «ለኸይር ሥራ ነው» ብለው ቁልፉን ሰጡን፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። እኛም ስድስት ሰውና አራት ካርቶን ኪታብ ጭነን ተነሣን። ከአስፋልቱ ከተገነጠልን በኋላ ከሥር አንድ ድንጋይ መታው። ወርደን አላየንም። ትንሽ ቆይቶ የዘይት መብራቱ በራ፤ «ስንደርስ እናየዋለን» ተባባልን። ስንደርስ ዘይቱ ፈስሶ አልቆ ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር። የጥገናውን ዕዳ ከፍለን የጨረስነው ከረመዷን በኋላ ነው።

ዘንድሮ ቀድመውን የተመረቁ ወንድሞችና እህቶች ለዚያችው መድረሳ መኪና ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። ኡስታዞችን ያመላልሳል፣ ኪታብ ያደርሳል፣ የታመመ ሲኖርም ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል ተብሎ ታስቧል። በሹራው ላይ ግን ሐሳብ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ለገጠር ያለ ኤስዩቪ አይሆንም» አለ። ሌላው «የቤት መኪና ገዝተን የሚተርፈውን ለመድረሳው እናውል» አለ። የምህንድስና ተማሪ የሆንነው ደግሞ «አጥንታችሁ አስረዱን» ተባልን። ይህ ጽሑፍ መልሳችን ነው። ብዙዎቻችሁንም ቤተሰብ «የተማርከው አንተ ነህ፣ የትኛውን እንግዛ?» ማለቱ ስለማይቀር ለእናንተም ይጠቅማል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ስም አያሻግርም

ኤስዩቪ የሚለው ስም ስለ መኪናው የሚነግረን ከምናስበው ያነሰ ነው። ላንድክሩዘርም ኤስዩቪ ይባላል፤ ከተማ ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ ከፍ ከፍ ያሉ መኪኖችም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ ልዩነት አለ። ጠንካራዎቹ የገጠር ላንድክሩዘሮች አካላቸው በተለየ የብረት ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነው፤ አራቱም ጎማ ይነዳል፤ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ከባድ ማርሽ አላቸው። ብዙዎቹ የከተማ ኤስዩቪዎች ግን ሻንሲያቸውና አካላቸው እንደ ቤት መኪና አንድ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ የሚነዳውም የፊት ሁለት ጎማ ብቻ ነው። እነዚህን ከፍ ተደርገው የተሠሩ የቤት መኪኖች ብንላቸው አንሳሳትም። ስለዚህ ስሙን ትተን ሦስት ነገሮችን እንይ፦ ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ የሚነዱትን ጎማዎች፣ ጎማው ራሱ የተሠራበትን ዓይነት።

ከመሬት ያለው ከፍታ

የቤት መኪኖች ሥር ከመሬት ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ኤስዩቪዎች ከ18 እስከ 22 አካባቢ ይደርሳሉ። ይህ ቁጥር ግን የሚለካው መኪናው ባዶ ሳለ ወይም በቀላል ጭነት ነው። ከባለፈው ጥፋታችን በኋላ ተመሳሳይ ቪትዝ ለካን። ባዶውን 14 ሴንቲ ሜትር የነበረው ስድስት ሰውና ካርቶኖቹ ሲገቡበት 10 ደረሰ። የመታንን ድንጋይም ተመልሰን ለካነው፤ 13 ነው። መኪናው ባዶ ቢሆን ለጥቂት ያልፈው ነበር ማለት ነው። እኛ «የቤት መኪና ስለሆነ ነው» ብለን ስናማው የከረምነው፣ ከልክ በላይ ጭነን፣ የዘይት መብራት እያየን ያላቆምን እኛው ነበርን። የዘይት መብራት ከበራ መኪናው እዚያው ቆሞ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይነዳም።

ከፍታው ብቻውንም አይበቃም፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርዝመትም ይቆጠራል። መኪና ጉብታ ሲወጣ ሆዱ የሚነካው መሃሉ ላይ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታና በጎማዎቹ መካከል 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው መኪና ሆዱ ሳይነካ የሚያልፈው ጉብታ 14 ዲግሪ ያህል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 2.65 ሜትር ርዝመት ያለው 17 ዲግሪ ያልፋል። ልዩነቱ አለ፤ ግን የሰማይና የምድር አይደለም።

ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አዲስ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የእነዚህ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ለእነሱ ድንጋይ መምታት ከዘይት መፍሰስ የበለጠ ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል።

አራት ጎማ ሲነዳ

አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በጭቃና በአሸዋ ላይ ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ለማቆምና ለመታጠፍ ግን አይጨምርም፤ ፍሬን በማንኛውም መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ይይዛልና። ተራ ዲፈረንሻል ደግሞ አንዱ ጎማ ሲያንሸራትተው ኃይሉን በዚያው በሚሽከረከረው በኩል ያባክነዋል። በዚህ ምክንያት ፎር ዊል የተባለ መኪናም ጭቃ ውስጥ ጎማውን እያሽከረከረ ሊቀር ይችላል።

ለዋልካ አፈር ደግሞ ዋናው ነገር ጎማው ነው። ዋልካ ሲረጥብ የአስፋልት ጎማን ጥርስ ይሞላዋል፤ ጎማው እንደ ለስላሳ በርሜል ይሆናል። የአስፋልት ጎማ የገጠመ ፎር ዊል፣ ጥርሱ ሰፊና ጥልቅ የሆነ ጎማ ካለው ተራ መኪና የማይሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወንዝ ሲሞላ

በሹራው ላይ የኤስዩቪ ደጋፊዎች በጣም ያነሡት ወንዙን ነበር። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ውሃ የገባበትን ዕቃ በቦታው ልክ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንድ ትንሽ መኪና 4 ሜትር ርዝመትና 1.6 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ወለሉ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነና የውሃው ጥልቀት 30 ከደረሰ፣ ውሃው ከወለሉ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ወጥቷል። የሚገፋው ኃይል 960 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህ የመኪናው ክብደት ነው ማለት ይቻላል። ጎማው መሬት መያዝ ይተዋል፤ ጎርፉ ይወስደዋል።

አሁን 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 4.5 ሜትር ርዝመትና 1.8 ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ኤስዩቪ እንውሰድ። በተመሳሳይ ሒሳብ የሚነሣው ውሃው 40 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። ወንዙ ላይ በዚያ ሁሉ ገንዘብ የተገዛው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው! ክረምት ላይ ወንዝ በደቂቃዎች ውስጥ ከዚያ በላይ ይሞላል። ለሞላ ወንዝ መፍትሔው እስኪጎድል መጠበቅ ነው።

ከፍታም ዋጋ አለው

ከፍ ያለ መኪና ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ለመገልበጥ ይቀላል። መሐንዲሶች የግራና የቀኝ ጎማ ርቀትን ለክብደቱ መሃል ከፍታ እጥፍ ያካፍሉታል። ውጤቱ ለቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5፣ ለኤስዩቪ ከ1.0 እስከ 1.3 ነው፤ ሲያንስ ለመገልበጥ ይቀርባል። ጣሪያው ላይ ጆንያ ሲጫን ደግሞ ይብሳል። የነዳጁና የጎማው ወጪም በየወሩ አለ፤ ያንን የምትከፍለው መድረሳዋ ናት።

ዶሩራ፣ ሓጃ፣ ተሕሲን

በመድረሳ የተማርነው የኡሱል አከፋፈል እዚህ ላይ በጣም ረድቶናል። ያለ እሱ ጉዞው የማይሆነው ዶሩራ ነው፦ ጤነኛ ፍሬን፣ ጥሩ ጎማ፣ ከነጭነቱ ድንጋዩን የሚያልፍ ከፍታ፣ ከሞተሩ ሥር የሚታሰር የብረት መከላከያ። ከሌለ የሚያስቸግረው ሓጃ ነው፦ ሰፊ የዕቃ ቦታ፣ በቅርብ ጋራዥ የሚገኝ መለዋወጫ። ግርማው፣ የቆዳ ወንበሩና ሰው ሲያየው የሚለው ተሕሲን ነው። ተሕሲን በራሱ ክፉ አይደለም። ሰው በሰጠው ሰደቃ፣ ዶሩራው ሳይሟላ ተሕሲን መግዛት ግን አማናን መዘንጋት ነው።

መንገዱን ለካነው

ባለፈው ወር መለኪያ ይዘን መንገዱን በእግራችን ሄድንበት። ከአስፋልቱ እስከ መድረሳዋ 20 ኪሎ ሜትር ነው። 17ቱ ኮረኮንች ነው፤ የቀረው 3 ኪሎ ሜትር ዋልካ ሲሆን አንድ ወንዝ ያቋርጠዋል። በኮረኮንቹ ላይ የቤት መኪናን የሚያሰጋ ድንጋይና ቦይ ያገኘነው አምስት ቦታ ብቻ ነው፤ ተደምረው 100 ሜትር አይሞሉም። ስለ ወንዙ የጠየቅናቸው አባቶች ዝናቡ ካባራ ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደሚጎድል ነገሩን። ዋልካው ሲረጥብ ግን በእነሱ አባባል «መኪና ሳይሆን በቅሎም ታስባለች»።

ስለዚህ ለሹራው ያቀረብነው ይህን ነው። ፎር ዊል አንግዛ። ከነጭነቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሚተርፈው፣ የፊት ጎማው የሚነዳ፣ መካከለኛ ከፍታ ያለው መኪና ይበቃል፤ ስሙ ኤስዩቪ ይሁን አይሁን ግድ የለም። ክረምት ላይ መኪናው ኮረኮንቹ ያለቀበት ይቁም፤ ኪታቡ በአህያ፣ በሽተኛ እስከ ዛሬ እንደሚደረገው በቃሬዛ እስከዚያ ይድረስ። ከሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ከአካባቢው ሰው ጋር በደቦ አምስቱን መጥፎ ቦታዎች ድንጋይ እናንጥፍባቸው።

መኪናው የሚጠቅመው የሚሳፈሩበትን ነው። መንገዱ ግን ሲስተካከል የገበያተኛው አህያም፣ ነፍሰ ጡሯን የሚያደርሰው ባጃጅም ያልፍበታል። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ያ 13 ሴንቲ ሜትር ድንጋይም እዚያ አካፋና ዶማ ይዞ የሚመጣ እየጠበቀ ነው። ከፈተና በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ኢንሻአላህ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንነሣለን። መምጣት የምትችሉ ስማችሁን ለጀመዓው አስመዝግቡ።