ልጅ የሚያሳድግ ነጋዴ ከሥራው የትኛውን ለሌላ በውል ሊሰጥ ይችላል?

በኢትዮጵያ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ ይከፈታል። በዚህ ሰሞን ብዙው ባለሱቅ የዕቃ ቆጠራ ያደርጋል፥ የዓመቱን የገቢና የወጪ መዝገብ ይዘጋል፥ የግብር ማስታወቂያውንም ያሰናዳል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከቤት የሚውሉትም በዚሁ በክረምቱ ወራት ነው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የዘመን መለወጫና የመስቀል ሸማች ሱቁን በሚያጨናንቅበት ሳምንት የልጆች ምዝገባ፥ የደንብ ልብስና የደብተር ወጪ አብሮ ይደርሳል። እንግዲህ አነስተኛ ንግድ እያካሄደች ልጅ የምታሳድግ እናት የምትጨነቀው ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን አይደለም፤ ጭንቀቱ የሚበረታባቸው ወራት አስቀድመው የታወቁ ስለሆኑ፥ እንደ ማንኛውም የንግድ ጉዳይ አስቀድሞ ሊሰናዱላቸው ይቻላል።

በደመወዝ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በዚህ ረገድ የሕግ ድጋፍ አላት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ከመውለዷ በፊት የ30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር እንዲሰጣት ያዛል፤ ለአባትየውም 3 ቀን ይፈቅዳል። የራስዋን ሱቅ ከፍታ የምትነግድ እናት ግን አሠሪም ሠራተኛም እርሷው ራሷ ስለሆነች ፈቃዱን የሚሰጣት ማንም የለም። ሱቁ በተዘጋበት ቀን የቤት ኪራዩ አይቀርም፥ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል፤ አንድ ጊዜ የተሻገረ ደንበኛ ደግሞ ሱቁ በተከፈተ ማግሥት ሁሉ አይመለስም። ስለዚህ ብዙዎች እናቶች ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ፤ ወይ ሕፃኑን ከባንኮኒው በስተጀርባ በካርቶንና በጆንያ መካከል ያሳድጉታል፥ ወይ ልጁን ለዘመድ ወይም ለሞግዚት ትተው ንግዱን ከማለዳ እስከ ምሽት ራሳቸው ይሸከማሉ። ከሥራው ራሱ የተወሰነውን ክፍል በውል ለሌላ ባለሙያ መስጠት የሚለው ሦስተኛ መንገድ እምብዛም አይታሰብም።

ነገሩ ግን ለአገሩ ገበያ እንግዳ አይደለም። አስመጪው ዕቃው ከጂቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ድረስ አብሮ አይጓዝም፤ የጉምሩኩን ሥነ ሥርዓት ፈቃድ ያለው አስተላላፊ ይፈጽምለታል፥ ጭነቱንም የማመላለሻ ድርጅት ይወስድለታል። ቡና ላኪውም እያንዳንዱን ፍሬ ራሱ አይለቅምም። በሽሮ ሜዳ የሚሠራው ሸማኔ ማጉን ራሱ አይፈትልም፤ በየቤታቸው በእንዝርት ከሚፈትሉ ሴቶች የመጣውን ገዝቶ ይሸምናል። በአዲስ አበባ ከየምግብ ቤቱና ከየሱቁ የሚሸጠው እንጀራም አብዛኛው በሌላ ቤት ምጣድ የተጋገረ ነው። ትልቁ ነጋዴ ሳይቸገር የሚያደርገውን ትንሹ ባለሱቅ የሚፈራው ምናልባት ሥራን ለሌላ ማሠራት የሀብታም ነገር መስሎ ስለሚታየው ይሆናል፤ ይህ አስተያየት ግን የሒሳብ ማስረጃ የለውም።

ለሌላ የሚሰጠውን ሥራ ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ ሥራው ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለው ሳይሆን፥ የባለቤቱን ዓይንና ፍርድ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም የሚለው ነው። ለምሳሌ በባልትና ሥራ የምትተዳደርን እናት መመልከት ይቻላል። በርበሬ ለገበያ እስኪቀርብ ድረስ ዛላው ይገዛል፥ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፥ ይቀነጠሳል፥ ይደለዛል፥ ከቅመማ ቅመሙ ጋር ይዋሐዳል፥ ይፈጫል፥ ይታሸጋል። ከዚህ ውስጥ የዛላው ምርጫና የቅመሙ መጠን የእጇ ሙያ ስለሆኑ፥ ደንበኛውም የሚመጣው ስለ እነዚህ ስለሆነ፥ ለሌላ ሊሰጡ አይገባም። መቀንጠስ፥ ማስፈጨትና ማሸግ ግን ጊዜ ይበላሉ እንጂ የእርሷን ፍርድ አይጠይቁም። ማድረቁ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ሥራው ተራ ቢመስልም በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውና ጉበትን የሚጎዳው መርዝ ሊገኝበት ይችላል፤ ይህም በመፍጨትም ሆነ በማብሰል የሚጠፋ አይደለም። ስለዚህ ማድረቁን ለሌላ የምትሰጥ ነጋዴ ርክክቡን ራሷ እያየች መቀበል አለባት። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ስለማይታመን የክረምቱን በርበሬ ከሰኔ በፊት አድርቃ ብታስቀምጥ ደግሞ፥ ልጆቹ ከቤት በሚውሉባቸው ወራት ከሥራው ከባዱ ክፍል ይቀርላታል።

በርክክብ ጊዜ ጠብ የሚያነሣው ብዙውን ጊዜ ጉድለት ነው። አንድ ኩንታል ዛላ ወስዳ የቀነጠሰች ሴት አንድ ኩንታል ልትመልስ አትችልም፤ ቅንጣሹና ብልሹው ይወጣል፥ እርጥበቱም ይቀንሳል። ይህንን አስቀድሞ ሳይነጋገሩ የቀሩ ሰዎች በመጨረሻው በሌብነት መጠራጠር ይጀምራሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ 10 ኪሎ በሁለቱም ፊት ተመዝኖና ተቀንጥሶ ምን ያህል እንደተመለሰ ይጻፋል፥ የሚቀጥለውም ርክክብ በዚያው ልክ ይታሰባል። ዛላው ከሌላ አገር በመጣ ቁጥር ሙከራው መደገም አለበት።

ከዋጋ አኳያ ነገሩን ለመመልከት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንዲት ባለሱቅ መዝገብ ለመጻፍና ደረሰኝ ለማደራጀት በወር 20 ሰዓት ታጠፋለች፥ በባንኮኒው ላይ ብትቆም ደግሞ አንዱ ሰዓት 150 ብር ትርፍ ያስገኝላታል እንበል። እነዚያ 20 ሰዓቶች 3,000 ብር ያወጣሉ ማለት ነው። የሒሳብ ባለሙያው 2,500 ብር ቢጠይቅ፥ ሰዓቱን ወደ ሽያጭ የምታዞር ከሆነ 500 ብር ታተርፋለች። ሰዓቱን ለልጆቿ የምታውለው ከሆነ ግን ትርፍ አለ ብላ ራሷን ማታለል የለባትም፤ አንዱን ሰዓት በ125 ብር ከንግዱ ላይ ገዝታዋለች። ይህም ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎዳው ዋጋውን ሳያውቁ መግዛት ብቻ ነው። ብዙ ባለሱቆች የራሳቸውን ሰዓት ያለ ዋጋ ስለሚቆጥሩት፥ ለሌላ የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ ኪሳራ መስሎ ይታያቸዋል።

ለሒሳብ ባለሙያው የሚከፈለው ዋጋ በደረሰኝ ከተደገፈ የንግድ ወጪ ሆኖ ይያዛል። የሞግዚት ደመወዝ ግን የግል ወጪ ስለሆነ ከግብር የሚቀነስ ወጪ አይደለም። በዚህ ምክንያት በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረችውን ልጅ ጧት ሕፃን አስይዞ ከሰዓት በኋላ በባንኮኒው ላይ ማቆም በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ሁለት ነገር ያደባልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት ላይ በሚደረግ የሥራ ውል ላይ አይፈጸምም፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መሸጥ ግን ለትርፍ የሚሠራ ሥራ ነው። ሞግዚቲቱ ባንኮኒው ላይ በቆመች ጊዜ የንግዱ ሠራተኛ ሆናለች ለማለት የሚያስችል ክርክር ይነሣል፤ ሕፃኑም በዚያን ሰዓት ያለ ጠባቂ መቅረቱ ሌላው ነገር ነው።

በውል የሚሠራ ሰው ከቅጥር ሠራተኛ የሚለይበት ወሰን በጥንቃቄ መታወቅ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 እንደሚያመለክተው የዕውድ ሥራ ውል ማለት ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፥ አሠሪውም ዋጋውን ለመክፈል የሚስማሙበት ውል ነው። እንዲህ ያለው ሠሪ ነጻነቱን ጠብቆ የሚሠራ ስለሆነ፥ በሥራው ላይ ሳለ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጥፋት በቁጥር 2134 መሠረት ያሠራው ሰው ኃላፊ አይሆንም። በአንጻሩ በሌላው ሰው ሥልጣንና መሪነት ሥር ሆኖ የሚሠራ ሰው፥ ክፍያው በወር ሳይሆን በተሠራው ልክ ቢታሰብም እንኳ፥ ተቀጣሪ ነው። ብዙ ነጋዴዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ከሱቁ መጥታ፥ በሱቁ መሣሪያ፥ በባለቤቲቱ ትእዛዝ የምትሠራን ልብስ ሰፊ በቁጥር ስለተከፈላት ብቻ የውል ሠሪ ማለት አይቻልም። ለተቀጣሪ ሠራተኛ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ አሠሪው ከደመወዙ 11 በመቶ፥ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ የዓመት ፈቃዱና ሌላውም መብት ይከተላል። በራስዋ ቤት፥ በራስዋ መኪና፥ በፈቀደችው ሰዓት ሰፍታ የተጠናቀቀውን ልብስ የምታስረክብ ሴት ግን በእውነት የውል ሠሪ ናት። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው አሠራር ሥራውን ለምትቀበለዋም ይመቻል፤ እርሷም ብዙውን ጊዜ ልጅ የምታሳድግ እናት ናትና።

የሒሳብ ሥራን ለውጭ ባለሙያ የሚሰጥ ሁሉ አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ መዝገቡን የሚጽፈው ማንም ይሁን ማን ግብር ከፋዩ ባለሱቁ ነው። ባለሙያው ቢዘገይ ወይም ቢሳሳት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው በንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው። ስለዚህ ለባለሙያው የሚሰጠው የደረሰኞቹ ግልባጭ ሆኖ ዋናዎቹ ከባለሱቁ ዘንድ ቢቀመጡ፥ የሚስጥር ቁጥሮችም በባለቤቱ እጅ ቢቆዩ ይሻላል። በውሉ ላይ የሚጻፈውም ቀን ሕጉ የወሰነው የመጨረሻ ቀን ሳይሆን ከዚያ 10 ቀን ያህል የቀደመ ቢሆን፥ ልጅ ታሞ አንድ ሳምንት ቢያልፍ እንኳ መዝገቡን አይቶ ለመፈረም ጊዜ ይተርፋል። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የወሩ ማጠቃለያ መጠየቅም መልካም ነው፤ ሽያጩ፥ ግዢው፥ የተበደረውና ያበደረው ከታየ ሌላው ዝርዝር በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ቢመረመር ይበቃል።

ዱቤ የመስጠት ሥልጣን፥ ዋጋ የመወሰን ሥልጣንና የባንክ ፊርማ ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለባቸውም። በወሊድ ጊዜ ግን ይህ እንኳ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስቸግር ስለሚችል የውክልና ጉዳይ ይነሣል፤ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ባል፥ ወንድም ወይም እኅት ሱቁን እንዲጠብቅ ሲታሰብ፥ በጥድፊያ ሁሉን ነገር የሚያስችል ረጅም የውክልና ወረቀት ይፈረማል። ሕጉ ራሱ ይህን ያህል አያስገድድም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይፈቅዳል፤ የአስተዳደር ሥራ ከሚባሉትም መካከል ብድር መሰብሰብ፥ ዕዳ መክፈል፥ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፥ እንዲሁም ለሽያጭ የተሰናዱትን ዕቃዎችና የሚበላሹትን ነገሮች መሸጥ ይገኛሉ። ለሱቅ ጥበቃ ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት፥ የሐዋላ ወረቀት መፈረም፥ ስጦታ ማድረግ፥ በፍርድ ቤት መከራከር በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና የሚጠይቁ ስለሆኑ፥ እነዚህን አንድ በአንድ ዘርዝሮ የሚያስፈርም ወረቀት ቢቀርብ ወላዲቱ ለምን እንደሚያስፈልግ መጠየቅ አለባት። ሰውየው የቅርብ ዘመድ መሆኑ ጥያቄውን አያስቀርም፤ እንዲያውም ከቤተ ዘመድ ጋር የሚነሣ የገንዘብ ክርክር ከሱቁ አልፎ ሕፃኑ የሚያድግበትን ቤት ስለሚያናውጥ ጥያቄው በመጀመሪያው ቀን ቢነሣ ይመረጣል።

ርክክቡ ከመውለጃው ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ መጀመር አለበት። በመጀመሪያው ወር ተወካዩ ከባለቤቲቱ ጋር አብሮ ይቆማል፥ በሁለተኛው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻውን ይሸጣል፥ በሦስተኛው ሱቁን ሙሉ በሙሉ ይዞ እርሷ መዝገቡን ብቻ ትመረምራለች። ዕቃው ሁለቱም ባሉበት ተቆጥሮ በዝርዝሩ ላይ ይፈርማሉ፤ በውክልናው ወረቀት ላይ የሚያበቃበት ቀን ይጻፋል። ቀኑ ሲደርስ ቆጠራው ተደግሞ ሒሳቡ ይወራረዳል፥ የውክልናው ወረቀትም ከተወካዩ እጅ ተመልሶ ይወሰዳል፤ ውክልናው መሻሩም ለባንኩ፥ ለዕቃ አቅራቢዎችና በዱቤ ለሚገዙ ደንበኞች በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይነገራቸዋል።