ከብቱ የሚሄደው ሣሩ እንዲተርፍ ነው

ስለ አርብቶ አደር በተወራ ቁጥር «ለምን አንድ ቦታ አይሰፍሩም?» የሚል ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ሰው በቅንነት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚህ ሐሳብ የተነሱ ውሳኔዎች ብዙ ግጦሽ ስላበላሹ፣ የቦረናን ነገር አንስቼ ልመልስ።

ቦረና ላይ ዝናብ በዓመት ሁለቴ ይጠበቃል፤ እሱም ቢሆን አንዱ ቀበሌ ላይ ዘንቦ ጎረቤቱን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ መንጋው ይከፈላል። የሚታለቡ ላሞች ከነጥጆቻቸው «ዋራ» ሆነው መንደር አጠገብ ይቆያሉ፤ የልጆች ወተት ከእነሱ ነው። የማይታለቡት ላሞችና ወይፈኖች «ፎራ» ተብለው ከወጣቶች ጋር ሣር ወዳለበት ይርቃሉ። የተጋጠው መሬት ፋታ የሚያገኘው ያኔ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የውሃው ሥርዓት ነው። «ቱላ» በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በእጅ ይቀባበላሉ። ተራውን የሚያስጠብቀው «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ኃላፊ ነው፤ በደረቅ ወቅት ከብት በየሦስት ቀኑ ይጠጣል። ተራ የሌለው መንጋ በአካባቢው ሊሰነብት አይችልም፤ ሣሩም በዚያው ይጠበቃል። ለበጎ ታስቦ በዝናብ ወቅት ግጦሽ ላይ ኩሬ ሲቆፈር ነገሩ የሚበላሸው ለዚህ ነው። ዝናብ ሲያባራ ይለቀቅ የነበረው መሬት ዓመቱን ሙሉ ይጋጣል፣ ሰውም እዚያው ይሰፍራል።

እሳቱም እንዲሁ ነው። ቦረናዎች ያረጀውን ሣር በየጊዜው ያቃጥሉ ነበር፤ መዥገር ይቀንሳል፣ ቁጥቋጦ አይስፋፋም፣ ለጋ ሣር ይወጣል። በደርግ ዘመን ማቃጠል ተከለከለ፤ የግራር ቁጥቋጦም ብዙውን ሜዳ ወረሰው። ዛሬ ይቃጠል ቢባል እንኳ በብዙ ቦታ እሳቱን የሚያዳርስ ሣር የለም።

መንቀሳቀስ ከሁሉም ነገር ያድናል አልልም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር የቦረና ከብት እጅግ አልቋል። ግን መሄጃው በእርሻ፣ በአጥርና በግጭት ባይጠብ ኖሮ የሚተርፈው ይበዛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሩ ነፃ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። እንግዲያው ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅትም ሆነ ለእርሻ መሬት የሚያስለካ ባለሥልጣን፣ ያ መሬት የየትኛው ወቅት ግጦሽ እንደሆነ አስቀድሞ የአገሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ።