ርክክብ ላይ የማይነገረው

የጠዋት ርክክብ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ሌሊቱ ሰላም ነበር» የሚለው ቃል ነው። ዋርዱ ሞልቶ፣ ተረኞቹ ጥቂት ሆነው፣ ድንገተኛ ታካሚ ሲገባ ያደረበት ሌሊት አንዳች ሳይጓደል አይነጋም። የተጓደለው ካልተነገረ የሚሰማውን ሰው ፈርተውታል ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ የዋርዱ ኃላፊ ነው።

ሴፍትሪያክሶን በየ12 ሰዓቱ የታዘዘለት ታካሚ የማታ መርፌው ሳይሰጠው ቀረ እንበል። ተረኛዋ ነርስ ትዝ ያላት ሊነጋ ሲል ነው። ብትናገር ለሐኪሙ ይነገርና ሰዓቱ ይስተካከላል። ነገር ግን ከዚህ ቀደም እውነቱን የተናገረች ባልደረባዋ በሰው ፊት ስትዘለፍ፣ ከዚያም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲሰጣት አይታለች። ስለዚህ እንደሰጠች አድርጋ ካርዱ ላይ ትፈርማለች። ለራውንድ የሚመጣው ሐኪም ትኩሳቱ እንዳልወረደ፣ መድኃኒቱ ግን በሰዓቱ እንደተሰጠ ያነባል። አልሠራም ብሎ ወደሚከብደውና ወደሚወደደው አንቲባዮቲክ ቢሻገር አይፈረድበትም። ዕዳውን የሚከፍለው ስለ ዘለፋውም ስለ ደብዳቤውም የማያውቀው ታካሚ ነው።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ጥቂት ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። መዝገቡ ተቃራኒውን አሳያት። ጠጋ ብላ ስትመረምር እነዚያ ቡድኖች ስህተታቸውን በግልጽ የሚነጋገሩ ሆነው አገኘቻቸው፤ በሌሎቹ ክፍሎች ግን ፍርሃቱ ስህተቱን ሸፍኖት ነበር። ጥናቱን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የስህተት ሪፖርት ባዶ የሆነበትን ክፍል እያነሱ «እንደነሱ ሁኑ» የሚሉ ስብሰባዎች ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ይህን ጥናት አስበዋለሁ።

ጥብቅነት አይቅር። የሞርፊንና የፔቲዲን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በፊርማ ነው። የድንገተኛ መድኃኒት ሳጥኑ በየፈረቃው ይቆጠራል፤ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ጌጅ ይታያል። በእነዚህ አልደራደርም። ኃላፊው ዕቃውንና አሠራሩን መከታተል ትቶ ማን ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ፣ ማን ቀና ብሎ እንደመለሰለት መመዝገብ ሲጀምር ግን ነርሶቹ ዓይናቸውን ከታካሚው ላይ አንስተው በእሱ ፊት ላይ ይተክላሉ።

በትልቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። አክብሮቱን እወደዋለሁ፤ «እርስዎ» እያሉም «ልክ አይደለም» ማለት ይቻላል። አፍ የሚያስከፍት ሥርዓት ግን ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር ይጠየቃል። «ዶክተር» እና «ሲስተር» ተባብለን ብቻ በምንሠራበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሟን ጮክ ብላ የተናገረች ነርስ በኋላ «ዶክተር፣ አንዴ ይቆዩኝ፣ የታዘዘው በግራ በኩል ነው» ለማለት አትቸገርም። ቼክሊስቱ ከታንዛንያዋ ኢፋካራ እስከ ለንደን በ8 ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱ ታካሚዎች ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርደዋል። ስም መናገሩ ብቻውን ያመጣው ውጤት አይደለም፤ ሆኖም ምንም ወጪ አይጠይቅም።

በእኔ ዋርድ የርክክቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሌሊቱን ምን ከበዳችሁ?» የሚል ነው። መርፌው ለምን ቀረ ብለን ስንከታተል ብዙ ጊዜ አንዷ ነርስ ታካሚ ይዛ ራጅ ክፍል ሄዳ፣ ሌላዋ ብቻዋን አዲስ ገቢ ስትቀበል እናገኛታለን። ያኔ የሚስተካከለው የሥራ ድልድሉ ነው። ረሳሁ ብላ የመጣችውን አመሰግናለሁ። ሳትሰጥ የፈረመችውን ግን በደንቡ መሠረት እጠይቃለሁ፤ ሁለቱን አንድ ዓይነት መቅጣት መዋሸትን ማስተማር ነው።

በየዋርዱ ኃላፊ የሆናችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ነገ ጠዋት አንዲት ነርስ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «አንድ ነገር ተሳስቻለሁ» ብትላችሁ እባካችሁ ቃሏን አስጨርሷት፤ ከዚያም ወደ ቢሮ ሳትጠሯት በፊት አብራችኋት ወደ ታካሚው አልጋ ሂዱ።