ገዳዩ ማነው? ወፉስ? ስለ ሮማ ዘመን የግድያ ምርመራ ልብወለድና ስለ እኛ አውጫጭኝ

የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የይልማ ሀብተየስን መጻሕፍትና ማሞ ውድነህ ከውጭ ቋንቋ የመለሳቸውን የስለላ ታሪኮች ከመምህር ተደብቆ በደብተር ሥር ያላነበበ የእኔ ዘመን ተማሪ ጥቂት ነው። ታሪካዊ ልብወለድም እንዲሁ አለን፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» ወደ አንድ ንጉሥ ዘመን ተመልሰው ጽፈዋል። ሁለቱ ዘሮች ተዳቅለው የሚወልዱትን ሦስተኛውን ዓይነት፣ ማለትም ግድያው በጥንት ዘመን የተፈጸመበትንና መርማሪውም የዚያው ዘመን ሰው የሆነበትን ልብወለድ ሳስተምር ግን፣ ምሳሌ ፍለጋ ከአማርኛ ውጭ መሄድ ግድ ይሆንብኛል። በዚህ መጣጥፍ በቅድሚያ በጥንታዊት ሮማ ላይ የተመሠረተውን የዚህን ልብወለድ አሠራር አብራራለሁ፤ ከዚያም ጎጃም ውስጥ፣ ዲማን በመሰለ አገር፣ ምን መልክ ሊይዝ እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ዓይነቱ ረጅም ዕድሜ የለውም። አጋታ ክሪስቲ በ1944 (በዚህ ጽሑፍ የውጭ ታሪክ ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግድያን ወደ ጥንታዊት ግብጽ ወሰደችው። ኤሊስ ፒተርስ ከ1977 ጀምሮ አንድ ዌልሳዊ መነኩሴ መርማሪ አድርጋ ጻፈች፤ ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ በ1980 «የጽጌረዳው ስም» በተባለው ልብወለዱ ገዳምንና ቤተ መጻሕፍትን የግድያ መድረክ አደረጋቸው። ሮማ ዘግይታ መጣች፤ የመጣችው ግን በብዛት ነው። ሊንድሴ ዴቪስ በ1989፣ ጆን ማዶክስ ሮበርትስ በ1990፣ ስቲቨን ሳይለር በ1991 እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ተከታታይ መጻሕፍት ጀመሩ።

ለምን ሮማ? መልሱ ከሕጓና ከከተማነቷ ይመነጫል። በሪፐብሊኩ ዘመን ሮማ ውስጥ ዛሬ እኛ የምናውቀው ዓይነት ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም አልነበረም። ሰው ሲገደል የሚከስሰው ግለሰብ ነው፤ ማስረጃ የሚፈልገውም ራሱ ከሳሹ ወይም ተከሳሹ ነው። ስለዚህ በገንዘብ ተቀጥሮ ምስጢር የሚያፈላልግ ሰው ፈጥሮ በዚህ ክፍተት ውስጥ ማስገባት ለደራሲው አይከብደውም። የሳይለር ጎርዲያኑስ «ፈላጊው» ተብሎ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። መኳንንቱ ቤት ይገባል እንጂ ከመኳንንቱ ወገን አይደለም።

የሳይለር የመጀመሪያ መጽሐፍ «የሮማ ደም» የቆመው በእውነተኛ ክስ ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ80 ሮስኪዩስ የተባለ የአሜሪያ ከተማ ሰው አባቱን ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው ሲሴሮ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የተከራከረበት ንግግርም ዛሬ ድረስ አለ። አባት ገዳይ የሚቀጣው በጆንያ ተሰፍቶ ወንዝ በመጣል ነበርና ክሱ ቀልድ አልነበረም።

ሲሴሮ ነገሩን የፈታበት መንገድ የማንኛውንም መርማሪ ደራሲ ልብ የሚያስቀና ነው። አባትየው ሮማ ውስጥ ከእራት ሲመለስ በሌሊት ተገደለ፤ ልጁ በዚያን ጊዜ አሜሪያ ነበር። ገና ሳይነጋ ግላውኪያ የተባለ ሰው 56 የሮማ ማይል፣ ማለትም ወደ 83 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአሥር የሌሊት ሰዓት በሠረገላ ጋልቦ መርዶውን አሜሪያ አደረሰ። ያደረሰው ግን ለልጁ አይደለም፤ ለሟቹ ጠላት ለካፒቶ ነው። በዚህ ላይ ሲሴሮ የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህን ያህል ያስቸኮለው ምንድን ነው? ከአራት ቀን በኋላ ወሬው የአምባገነኑ የሱላ ነፃ የወጣ ባሪያና ባለሟል ለነበረው ለክሪሶጎኑስ ደረሰ። የሟቹ ስም ከሞተ በኋላ ሞት ከተፈረደባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ዝርዝሩ ግን ከግድያው በፊት ተዘግቶ ነበር። ስድስት ሚሊዮን ሴስተርስ የሚያወጣው ርስት በ2,000 ተሸጠ፤ ገዢውም ራሱ ክሪሶጎኑስ ነው። ከሟቹ አሥራ ሦስት እርሻዎች ሦስቱ ለካፒቶ ደረሱት። «ጥቅሙ ለማን ነበር?» የሚለው የካሲዩስ የተባለ ዳኛ ጥያቄ በዚሁ ንግግር ውስጥ ተጠቅሶ እስከ ዛሬ የሕግ ሰዎች አፍ ውስጥ አለ።

ሮስኪዩስ ነፃ ወጣ። ሳይለር ግን የጠበቃን ንግግር እንደ ወንጌል አይቀበልም፤ የመጽሐፉን ፍጻሜ ለአንባቢ እተወዋለሁ። ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው። በሱላ ዘመን መግደል ሕጋዊ ነበር፤ ስሙ የተለጠፈውን ሰው የገደለ ይሸለማል፣ ንብረቱም ይወረሳል። በአደባባይ በሚፈስ ደም መካከል የግል ቂምና የግል ስስት ያፈሰሰው ደም አይለይም። የሮማው ልብወለድ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ መርማሪው አንዱን ደም ከብዙ ደም መካከል ለይቶ ያወጣል።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ዲማን ለአማርኛ አንባቢ ያስተዋወቀው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ራሳቸው እዚያ ተምረዋል፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ያቆሙትም እዚያው ነው። በዛብህ ለሰብለ ወንጌል ፊደል ሊያስተምር የገባበት ግቢ ያ ነው። ስለዚያ መጽሐፍ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንባቢን ይበልጥ የሚያስለቅሰው የበዛብህ ሞት ግድያ ነው። መንገድ ላይ በወንበዴዎች እጅ ቆስሎ ይሞታል። ስንት ጊዜ በክፍል ውስጥ ብንወያይበትም፣ «ወንበዴዎቹ እነማን ነበሩ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ አላጋጠመኝም። እኛ የምንጠይቀው ሰብለ እንዴት እንደምትደርስ ነው።

ይህ የአንባቢ ስንፍና አይደለም። በባላገሩ ዘንድ ክብር ያለው ግድያ የተደበቀ ግድያ አይደለም። ደም መላሽ ጠላቱን ሲጥል ስሙን ጠርቶ ፎክሮ ነው፤ ከዚያም ጫካ ይገባል። ዘመድ አዝማድ ገዳዩን ያውቀዋል፤ የጎደለው ቀኑ ነው። ሽማግሌ ገብቶ የደም ካሳ ተከፍሎ እስኪታረቁ ድረስ ጥያቄው «ማን?» ሳይሆን «መቼ?» ነው። እንዲህ ያለ ግድያ ለሰቆቃ ድርሰት ይመቻል፣ ለእንቆቅልሽ ግን አይመችም። ሐዲስ በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብወለድ ርእሱ «ወንጀለኛው ዳኛ» መሆኑም ትኩረታቸው ከገዳይ ማንነት ይልቅ ወደ ዳኝነት ያዘነበለ መሆኑን የሚጠቁም ይመስለኛል።

ሆኖም ባላገሩ ያልታወቀ አጥፊ ሲገጥመው የሚያደርገው ነበረው። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባላል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ገዳዩ ሳይታወቅ ሲገኝ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ሰዉ ከሥራው ተፈትቶ ይመላለሳል፤ ካልወጣም ካሳው በአገሩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሮማም የጅምላ ኃላፊነትን ታውቀው ነበር፣ እጅግ በከፋ መልክ። በ61 ዓ.ም. የከተማዋ ሹም ፔዳኒዩስ ሴኩንዱስ በአንድ ባሪያው እጅ ሲገደል፣ በቤቱ ያደሩ 400 ያህል ባሮች በሙሉ እንዲገደሉ መማክርቱ ወሰነ። ታሪኩን የጻፈልን ታሲቱስ ሕዝቡ ተቃውሞ እንደነበር ይነግረናል። የእኛ አውጫጭኝ ሰውን የሚያስጨንቀው በረሃብና በጊዜ ነው።

ሮማና ጎጃም የተገናኙት በምሳሌ ብቻ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት አል ሳፊ ኢብን አል አሳል የተባለው ግብጻዊ በዐረብኛ ያዘጋጀው ነው። ሥጋዊው ክፍል በከፊል የተቀዳው ከሮማውያንና ከቢዛንታውያን ነገሥታት ሕግ ነው። ወደ ግእዝ ተመልሶም የ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ እስኪወጣ ድረስና ከዚያም በኋላ የፈራጆች መመኪያ ሆኖ ቆይቷል። በላ ልበልሃ እየተባለ በማርና በበቅሎ ውርርድ የሚካሄደው ሙግት ደግሞ ሲሴሮን ቢያይ እንግዳ ባልሆነበት ነበር። ችሎትም፣ ሕግም፣ አንደበተ ርቱዕ ተሟጋችም አለን ማለት ነው። የጎደለን ጎርዲያኑስ ነው።

እርሱም ቢሆን ዲማ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ በሚማርበት ቀበሌ ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ በደም አይፈለግም፣ የማንም ወገን አይደለም። አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲለምን የትኛው ቤት ውሻው እንደታሰረ፣ የትኛው ቤት ትናንት የነበረው እንግዳ ዛሬ እንደሌለ ያያል። ማንበብና መጻፍ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቅኔ ቤት የሚማረው ሰሙን ሰምቶ በዚያ አለማቆምን ነው። ኤኮ መነኩሴን መርማሪ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛ ግን ይህን ገጸባሕርይ ሁልጊዜ ለፍቅር ወይም ለሳቅ ብቻ ስናሰልፈው ኖረናል። በእርግጥ ለዚህ ሰው የሚሆነው ግድያ በፉከራ የታወጀው አይደለም። በድብቅ የተሰጠ መርዝ፣ በርስት ክርክር መካከል የጠፋ ሽማግሌ፣ ወንበዴ ገደለው ተብሎ የታለፈ መንገደኛ ያስፈልገዋል።

የሱላን ዝርዝር የመሰለ ነገር ፍለጋ ደግሞ ወደ ጥንት መራቅ አያስፈልግም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በ«ነፃ እርምጃ» ስም ሬሳ በአደባባይ ሲጣል፣ የግል ቂሙን በአብዮት ስም የተወጣ ሰው እንደነበረ ያ ትውልድ ያውቃል። በነሐሴ 1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገደሉ። የደርግ ባለሥልጣን የነበረው እሸቱ ዓለሙ በዚህና በሌሎች ወንጀሎች በሄግ ከተማ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በባዕድ አገር ችሎት። እዚህ ላይ «ገዳዩ ማነው?» የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ለደራሲም አስቸጋሪ ነው፤ የሞቱት ወንድምና እህት ያላቸው ናቸውና። ሆኖም ሳይለር ከሁለት ሺህ ዓመት ርቀት ላይ ሆኖ በነፃነት የጻፈውን፣ የእኛ ደራሲ ዘመኑን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ወደ አውጫጭኙ ሜዳ ወስዶ ሊጽፈው ይችላል።

ለዚህ የሚረዳው በአውጫጭኝ ውስጥ ያለ አንድ ልማድ ነው። በአደባባይ ስሙን ሰጥቶ ለመመስከር የፈራ ሰው ምስጢሩን በስውር ለሽማግሌዎቹ ያደርሳል፤ ይህ ሰው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌዎቹ የሰሙትን ይገልጣሉ፤ የነገራቸውን ግን አይገልጡም። እንግዲህ የተጠቆመው ሰው ታስሮ፣ አገሩ ወደ እርሻው ተመልሶ፣ ነገሩ አለቀ ሲባል፣ ያ ዘመድ የሌለው ተማሪ አንድ ነገር ይከነክነዋል እንበል። ወፉ ያየውን እንዴት ሊያይ ቻለ? በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ሰዓት፣ እዚያ ምን ያደርግ ነበር? ለመናገርስ ምን አስቸኮለው? ግላውኪያም ከሁሉ ቀድሞ ወሬ የያዘ ሰው ነበር። የሮማው መርማሪ ገዳዩን ይፈልጋል፤ የዲማው ተማሪ ግን ገዳይ የተባለው ሰው በእጅ ነውና የሚፈልገው ወፉን ነው። ካገኘውም በኋላ ለማን እንደሚነግር አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ምለዋል፣ አገሩ ደክሞታል፣ የታሰረው ሰው መሬት ደግሞ ገና ከአሁኑ ሌላ ሰው እያረሰው ነው።